ሁለት ብልቃጥ ይዤ ወደ ወንጂ

ቅዳሜ፣ መጋቢት አጋማሽ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ

ጠዋት 1 ሰዓት። ጭኔ ላይ አፈ ሰፊ ፔርሙስ አስቀምጫለሁ። ረዳቱ ሻይ የያዝኩ መስሎት «ይደፋብሃል፣ እታች አድርገው» አለኝ። ሻይ አይደለም። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ በረዶ፣ በመካከል የታጠፈ ፎጣ፣ ከላይ ሁለት የኢንሱሊን ብልቃጥ አለ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ስታስረክበኝ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነው የነገረችኝ፦ በረዶው ብልቃጡን እንዳይነካው። ኢንሱሊን ሙቀት ቢነካው ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። አንዴ በረዶ ከሠራ ግን ወዲያው ተበላሽቷል፤ ቢቀልጥም አይሠራም። ያልተከፈተ ብልቃጥ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው።

ብልቃጦቹ የአክስቴ የልጅ ልጅ ናቸው። 14 ዓመቱ ነው፤ ወንጂ ከአያቱ ጋር ይኖራል። በዚህ ወር ደመናማው የኢንሱሊን ዓይነት እዚያ አካባቢ ጠፍቷል ብለው ሐሙስ ማታ ደወሉልኝ። የቀራቸው ለአራት ቀን የሚሆን ነበር።

መንገድ ላይ

ፈጣኑ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ አዳማ ቅርብ ሆናለች። ከቃሊቲ 2,200 ሜትር ገደማ ተነስተን ወደ 1,600ዎቹ እንወርዳለን። ቁልቁለቱ በዓይን ብዙም አይታወቅም። እኔ ያወቅሁት ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጠጥተው የከደኑት ባዶ የውኃ ላስቲክ ቢሾፍቱን ስናልፍ ጎኑ ገባ ብሎ ሲጨማደድ ነው፤ የቆላው አየር ደጋ ላይ የታሸገውን አየር ተጫነው።

ሞጆን ስናልፍ ሙቀቱ ገባ። ሹራቤን አወለቅሁ፤ አፌም ደረቀ። ሰው ሲያልበው ደሙ ውስጥ ያለው ውኃ እየቀነሰ ጨውነቱ ይጨምራል። ጭማሪው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ አንጎል ሥር ያሉ ሕዋሳት ይነቁበታል። ከዚያም እዚያው አንጎል ሥር የተንጠለጠለችው፣ የአተር ፍሬ የምታክለው ፒቱታሪ ዕጢ ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። ኩላሊት መልእክቱ ሲደርሰው ሊወጣ የነበረውን ውኃ ያስቀራል። ቆላ የወረደ ሰው ሽንቱ የሚያንሰውና የሚጠቁረው ለዚህ ነው። አንድ ኩባያ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ደሙ ይቀጥናል፤ ዕጢዋም ዝም ትላለች።

ይህ ዝም ማለቷ ነው ዛሬ በመንገዴ ሁሉ ሐሳቤን የያዘው። ትምህርት ቤት ስለ ሆርሞን ስንማር የተነገረን ስለሚያስነሳው ነገር ነበር። ቃሉም ከዚያ ነው የመጣው፦ እንግሊዛዊው ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1905 «ማነሳሳት» ከሚል የግሪክ ቃል ወስዶ ነው ስም ያወጣለት። ቱቦ የሌላቸው ዕጢዎች በቀጥታ ወደ ደም የሚያፈሱት፣ ደም እግር ጥፍር ድረስ የሚያደርሰው፣ የሚመለከተው አካል ብቻ የሚያነበው መልእክት ነው። ሆኖም ግማሹ ሥራ በጊዜ ማቆም ነው። ቆሽት የሚልከው ኢንሱሊን ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ሰውነት በየደቂቃው ይልካል፣ ያያል፣ ይቀንሳል፣ እንደገና ይልካል። ፔርሙሴ ውስጥ ያለው ደመናማ ኢንሱሊን ግን አንዴ ከተወጋ እስከ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይሠራል። በመካከል «ተወው፣ በቃ» የሚለው የለም።

አዳማ፣ ረፋድ

ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት የቆሙትን ከባድ መኪናዎች ነው። ከጅቡቲና ከአፋር የሚመጣው አብዛኛው ጭነት በዚህ ያልፋል፤ ከአፍዴራ የሚወጣው ጨውም እንዲሁ። የጨው ነገር የአንገት ነገር ነው። አንገታችን ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ የሚሠራው ዋናው ሆርሞን እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት የአዮዲን አቶም ይዟል፤ አዮዲን ከሌለ ሆርሞኑ የለም። ሲያጥረው ፒቱታሪ «ሥራ እንጂ!» እያለች ትጎተጉተዋለች፣ ዕጢው በጉትጎታው ብዛት ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። በእናት ማህፀን ያለ ሕፃን አዮዲን ሲያጣ የሚጎዳው ግን አንጎሉ ነው። አንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ፣ በጣት ጫፍ እንኳ የማይታይ ነገር ነው። እንዲህም ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከአሥሩ በአራቱ ገደማ ላይ እንቅርት አግኝቷል። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እናቶቻችን ጨው ወጥ ላይ ቀድመው የሚጨምሩ ከሆነ መጨረሻ ላይ ቢያደርጉት፣ ዕቃውንም ቢከድኑት፣ አዮዲኑ ብዙ አይባክንም።

መናኸሪያው ጥግ ጥላ ፈልጌ ፔርሙሱን ከፈትኩ። በረዶው በግማሽ ቀልጧል፤ ፎጣው አልረጠበም፤ ብልቃጦቹ ሲነኩ ይቀዘቅዛሉ። የወንጂ ሚኒባስ ሞልቶ ስለነበር በባጃጅ ሄድኩ። ባለ ባጃጁ «ኦቦ፣ ምን ይዘው ነው እንደ እንቁላል የታቀፉት?» አለ። መድኃኒት ነው ስለው ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ እያለ አደረሰኝ። ስወርድ «ገላቶማ» አልኩት፤ ከልቤ ነው።

ወንጂ፣ አክስቴ ቤት

ወንጂ ሸንኮራ ነው፤ ግራም ቀኝም፣ ዓይን እስከሚያይ። ሆላንዶቹ፣ ኤች ቪ ኤ የሚባለው ኩባንያ፣ የአገሪቱን የመጀመሪያ ስኳር ፋብሪካ እዚህ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የአክስቴ ባል ዕድሜውን ሙሉ በዚሁ ስኳር ኖሮ በዚሁ መንደር ተቀበረ። አሁን የልጅ ልጁ «ስኳር አለበት» ይባላል። ጎረቤት ሁለቱን ያገናኛል፤ ሸንኮራ አብዝቶ ነው ይላል። አይደለም። የዚህ ልጅ ሰውነት የራሱን ቆሽት ነው ያጠቃው። በሽታ ተከላካይ ሕዋሶቹ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥረው ጨረሷቸው። የጣፈጠ ነገር ያመጣው አይደለም፣ የማንም ጥፋትም የለበትም።

አክስቴ ደጅ ላይ ተቀበለችኝ። «ልጄ፣ ሞቀብህ? ሳይሞቅ ደረሰ?» አለች። ሁለተኛው ስለ ብልቃጡ ነው። እንዳልሞቀ ስነግራት ሦስት ጊዜ ሳመችኝ።

«እትዬ፣ ፍሪጅ አልገዛችሁም?»

«ፍሪጅስ የጎረቤት አለ፤ መብራቱ ነው የሌለው» አለችና ወደ ጓሮ መራችኝ።

ማንጎው ጥላ ሥር አንገቱ የተሰበረ አሮጌ ጋን ቆሟል። ውስጡ ትንሽ ማሰሮ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል የአዋሽ አሸዋ ተሞልቶ በውኃ ርሷል። ማሰሮዋ በእርጥብ ጆንያ ተከድናለች። ውኃው በጋኑ ቀዳዳ አልባ መሳይ ገላ እየሰረገ ወጥቶ ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጠላ ይጠመቅበት የነበረ ጋን ነው። ቴርሞሜትር ይዤ ስለነበር ለካሁ፦ ጥላው ሥር 31፣ ማሰሮዋ ውስጥ 23። ይህ የፍሪጅ ቅዝቃዜ አይደለም፤ ለወራት የሚቀመጠውን ብልቃጥ አደራ አይሰጡትም። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ግን በእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አራት ሳምንት ይቆያል። አክስቴ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ታጠጣለች። ያልተከፈተውን መብራት የማይጠፋበት ዘመድ ቤት አዳማ አኑራ አንድ በአንድ ታስመጣለች።

ልጁ ከትምህርት ቤት የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ቅዳሜም ማጠናከሪያ አላቸው። «ጋሼ!» ብሎ አቀፈኝ፤ ቀጥን ብሏል፣ ግን ቁመቱ ጨምሯል። ደስ አለኝ፤ ኢንሱሊን የሌለው ልጅ አያድግም። መርፌውን ሲያዘጋጅ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እጁን ታጠበ። አዲሱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስቶ አየ፤ ዱቄቱ ከሥር ተኝቷል፣ ውኃው ከላይ ጠርቷል። በሁለት መዳፉ መካከል አድርጎ ያንከባልለው ጀመር። አይንጠውም፤ ያንከባልለዋል። ከንፈሩ ይቆጥራል፤ 20 ላይ አቆመ። ወተት መሰለ። እንደገና ወደ ብርሃን አነሳው፣ የብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ ውርጭ የተጣበቀ ነገር ወይም ተንሳፋፊ እብጠት ካለ ተበላሽቷል። የለም። መርፌው ውስጥ አየር ስቦ ወደ ብልቃጡ ገፋ፣ ገልብጦ ቀዳ፣ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ አረፋውን አወጣ። ዛሬ ግራ ጭኑ ነው፤ ትናንት ቀኙ ነበር። ዓይኑን አልጨፈነም። እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት።

ከዚያ አያቱ እንጀራውን አቀረበች። መጀመሪያ መርፌው፣ ከዚያ ምግቡ፣ በሰዓቱ። ጤነኛ ሰው ሲበላ ቆሽቱ ምግቡን ተከትሎ ነው የሚልከው፤ ይህ ልጅ ግን ቀድሞ የላከውን በምግብ ማሳደድ አለበት።

የታመመው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያ ውኃ ማብዛት ጀመረ። ወሩ ሞቃት ስለነበር ማንም አልደነገጠም፤ ቆላ ነው፣ ልጅ ነው፣ ኳስ ይጫወታል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት መነሳት ሲጀምር ብርድ ነው ተባለ። እኔ ዛሬ ሞጆ ላይ የተሰማኝ ጥምና የእሱ ጥም ግን አንድ አይደሉም። የእኔ ኩላሊት ውኃውን ይዞ ነበር። የእሱ ደም ግን ሕዋሳት ሊቀበሉት ባልቻሉት ስኳር ተሞልቶ ነበር። ስኳሩ በሽንት ሲፈስ ውኃውን እየጎተተ ይወጣል፤ ቫሶፕሬሲን ምን ያህል ቢልኩ አያስቆመውም። ኢንሱሊን ለጡንቻና ለስብ ሕዋሳት በር የሚከፍት ነው። በሩ ከተዘጋ ሰው በስኳር መካከል ይራባል። ሰውነት ስቡን ማቃጠል ይጀምራል፣ የቃጠሎው አሲድ ደምን ይመርዛል። ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፤ ይፈጥናልም። አንድ ክሊኒክ ወስደውት ወባ ነው ተብሎ ግሉኮስ ተተከለለት። ስኳር ለሞላበት ደም ስኳር! ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ቀን ራሱን ሳያውቅ ሌላ ቦታ ደረሰ፣ አንዲት ነርስ ጣቱን ወግታ በአንድ ጠብታ ደም አወቀችው። ውኃ የሚያበዛ፣ የሚከሳ፣ ሌሊት የሚነሳ ልጅ ያለው ሁሉ ያችን ጠብታ ይጠይቅ፤ ደቂቃ አትፈጅም።

ያኔ ሐኪሙ አክስቴን አስቀምጦ «ቆሽቱ ሥራ አቁሟል» ሲላት፣ «እኔ ነኝ ያበሳጨሁት?» ብላ አለቀሰች። በአማርኛ ቆሽት የሚጠራው በንዴት ነው፤ ቆሽቴ አረረ፣ ቆሽቴ ደበነ እንላለን። ከጨጓራ ጀርባ የተኛ ሥጋ መሆኑን፣ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ የሕዋስ ደሴቶች እንደተበተኑበት፣ የደሴቶቹም ሥራ ስኳር መጠበቅ እንደሆነ የነገራት አልነበረም። በአንድ ከረጢት ሽሮና በሁለት ቁንጥር ምስር አስረድቻታለሁ፦ ሽሮው ቆሽቱ፣ ምስሩ ደሴቶቹ፣ ሰውነቱ የለቀማቸው ምስሩን ብቻ። ከዚያ በኋላ «ምስሩ ነው ያለቀበት» እያለች ለጎረቤት ታስረዳለች።

አመሻሽ፣ በቦዩ ዳር

ወደ 11 ሰዓት ላይ በመስኖው ቦይ ዳር ወጣ አልን። ስለ ቶሮንቶ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1921 ባንቲንግና ቤስት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከውሻ ቆሽት ኢንሱሊን አወጡ። በቀጣዩ ጥር የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል ልጅ ነበር። «ዕድሜው?» አለኝ። «14።» ቆም አለ። ከዚያ በፊት የነበሩት ልጆች ምን ሆኑ አለኝ። እንዳልዋሸው ብዬ ሞቱ አልኩት። ባለ መብቶቹ ፈጠራውን ለዩኒቨርሲቲው በነፍስ ወከፍ በአንድ ዶላር እንደሸጡት ስነግረው ግን «ታዲያ ዛሬ ለምን ይወደዳል?» አለ። የምመልስለት አጣሁ።

ትንሽ ሄደን ንግግሩ አጠረ። ንፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ግን ላብ ቸፈፍ ብሏል። ድካም መሰለኝ። እሱ ግን የቦዩ ግንብ ላይ ቁጭ አለና እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ጣቶቹ ይርገበገባሉ። «ወርዷል ጋሼ» አለ። ከኪሱ በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አውጥቶ አፉ ውስጥ ገለበጠ፣ ውኃ ጠጣበት። ጀርባችን ሸንኮራ፣ ፊታችን ሸንኮራ።

ያ ላብና መንቀጥቀጥ ራሱ ሆርሞን ነው። ስኳር ሲወርድ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ ይታዘዛል። በጤነኛ ሰው ይህን ቀድሞ የሚሠራው ግሉካጎን የሚባለው የቆሽት ሌላ ሆርሞን ነው፣ የኢንሱሊን ባላንጣ። የዚህ ዓይነት ስኳር ባለባቸው ሰዎች ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ግሉካጎንም ለመውረዱ መልስ መስጠት ይተዋል። ልጁ የቀረው አንድ ዘበኛ ነው። ስኳሩ ደጋግሞ ከወረደ ዘበኛውም ይለምደውና መጮህ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሰው ሳይንቀጠቀጥ በድንገት ይወድቃል። ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሩብ ሰዓት ተቀመጥን፣ ጣቱን ወጋ፣ ቁጥሩ ተመልሷል። እግሩ ብዙ መሄዱን ኢንሱሊኑ አያውቅም ነበር።

በዚህ ሁዳዴ መጀመሪያ አንድ ረቡዕ ከጓደኞቹ ጋር እስከ 9 ሰዓት ጾመ። መርፌውን ግን ጠዋት ተወግቶ ነበር። ክፍል ውስጥ ወደቀ። አክስቴ ነፍስ አባታቸውን አምጥታ ከፊቱ አስቀመጠቻቸው፤ እሳቸውም «ልጄ፣ የታመመ አይጾምም፤ ምግብህ መድኃኒትህ ነው» አሉት። ዛሬም ድረስ የሚያፍር ይመስለኛል። የጾመኞች አገር ነን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። መርፌና ጾም አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪሙም የሃይማኖት አባቱም አስቀድመው መነጋገር አለባቸው፤ ልጅ ከወደቀ በኋላ አይደለም።

«የሀብታም በሽታ» የሚለው አባባልም ይቅር። ጎንደርና ጅማ ያሉ ክሊኒኮች ቀጫጭን፣ ድሃ፣ የገጠር ወጣቶችን በኢንሱሊን ሲያክሙ ኖረዋል። ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን ይህን ሌላ ዓይነት ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና የሰጠው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

እሑድ ጠዋት

ሌሊት ሸንኮራ ሲቃጠል አድሯል፤ ከቆረጣ በፊት ቅጠሉን ያነዱታል። ጠዋት ግቢው ላይ ጥቁር ጥላሸት እንደ ላባ ተበትኗል። አክስቴ መጀመሪያ ያደረገችው የጋኑን ጆንያ አራግፋ እንደገና ማርጠብ ነው።

ስትስቅ ጥርሷ ቡኒ ነው፤ የዚህ አገር ልጅ ምልክት። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በወንጂ አሮጌ ጉድጓዶች ከ10 በላይ ተለክቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የስኳር እርሻው የረጅም ዘመን ሠራተኞች ላይ ያጠኑት ጥርሱን ብቻ አይደለም፣ አጥንቱንም ነው። ባሏ በመጨረሻ ዘመኑ አንገቱን ማዞር አቅቶት ሰው ሲጠራው በሙሉ አካሉ ይዞር ነበር። አጥንት የካልሲየም ጎተራ ነው፤ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉ አራት የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ዕጢዎች ደም ካልሲየም ሲያጥረው በሆርሞናቸው ከጎተራው ያስወጣሉ። ፍሎራይድ የገባበት አጥንት ግን በቀላሉ አይሟሟም፤ ይከማቻል፣ ይጠነክራል፣ መገጣጠሚያውን ይቆልፋል።

ለመሄድ ስነሳ ፔርሙሱን አጣሁት። አክስቴ ወስዳው ኖሯል። «ባዶ ዕቃ ይዘህ አትሄድም» ብላ ክዳኑን በደንብ አጥብቃ ሰጠችኝ። ልጁ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። «የሚቀጥለውን ብልቃጥ የምከፍትበት ቀን ይኸው» ብሎ ከደብተሩ ላይ ቀድዶ ጽፎ ሰጠኝ፤ ከሱ አራት ሳምንት በኋላ ያለውን ቀን ደግሞ በቀይ አስምሮበታል።

ቃሊቲ ስደርስ መሽቷል። ፔርሙሱን ከፈትኩ፤ የተቆረጠ ፓፓያ ነው፣ ገና ቀዝቃዛ፤ ጋኑ ውስጥ አሳድራው ነበር። አንዱ ቁራጭ ላይ የሸንኮራ ጥላሸት ተለጥፏል።